ቀይ ጨርቅ ያሰሩ ውሾች

አንድ እህል ነጋዴ ነበር። ስሙ ድልነሳው ይባላል። መጋዘኑን የሚጠብቅለት መብረቅ የሚባል ውሻ ነበረው። መብረቅ ከጮኸ ሌባ ብቻ ሳይሆን የክርስትና ጠሪም ከበር ይመለሳል። ድልነሳው በዚህ ይኮራ ነበር።

በዚያ ዓመት በአካባቢው የእብድ ውሻ በሽታ ታየ ተባለ። የከተማው ሹም ሕዝቡን ሰበሰቡና “ውሻም ሆነ ድመት ያለው ሁሉ ገበያው ዋርካ ሥር ያምጣና በነጻ ያስከትብ። የእንስሳት ሐኪሟ ለከተበችው አንገቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስርለታለች። ቀይ ያላሰረ ውሻ መንገድ ላይ ከተገኘ ግን ይገደላል” አሉ።

ነገሩ ግልጽ ነበር። ያደናገረው ወሬው ነው። መርፌ የተወጋ ውሻ ይፈዛል፣ ወኔው ይጠፋል፣ ሌባ ሲያይ ጅራቱን ይቆላል ይባል ጀመር። ወሬውን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። እንዲህ ያለ ወሬ አባት የለውም፤ አሳዳጊው ግን ብዙ ነው።

ድልነሳው ግራ ገባው። ቢያስከትበው መጋዘኑ ጠባቂ ሊያጣ ነው፤ ባያስከትበው ውሻው ሊገደልበት ነው። ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተና በመጨረሻ መቀስ አነሳ። ከሚስቱ አሮጌ ቀይ ሻርፕ ላይ ቆረጠና መብረቅ አንገት ላይ አሰረው።

ጎረቤቱ ይርዳው አይቶ “ሰልፉ ላይ አላየሁህም፤ መቼ አስከተብከው?” አለው።

“ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ” አለና ድልነሳው ነገረው። ይርዳውም ለአንድ ሰው ብቻ ነገረ። ያ ሰውም ለአንድ ሰው ብቻ። ወር ሳይሞላ ሰፈሩ ቀይ በቀይ ሆነ፤ ድመቶች እንኳ አልቀሩም። ሹሙ በዚያ ሲያልፉ “ምን ያለ የሠለጠነ ሕዝብ ነው!” ብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

አንድ ቀን ጠዋት የድልነሳው ትንሿ ልጅ ምንትዋብ ጨው ልትገዛ ስትወጣ አንድ ቡናማ ውሻ ባቷን ነክሷት ሮጠ። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ ተሰበሰበ።

“አይዞሽ የኔ ልጅ!” አለቻት ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሺመቤት። “ቀይ አስሯል እኮ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። የተከተበ ነው!”

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ድልነሳውም “ተመስገን” አለ። ወዲያው ግን ክው ብሎ ቀረ። ለመሆኑ ቀይ ማለት ምን ማለት ነው? ይህኛው ጨርቅ የሐኪሟ ነው ወይስ እንደሱ ያለ ሰው ያሰረው?

የውሻውን ባለቤት ፍለጋ በር ለበር ዞረ። ቡናማው ውሻ የኔ ነው የሚል ጠፋ። የሌሎቹም ውሾች በትክክል ተከትበው እንደሆነ ሲጠይቅ ሰዎቹ ተቆጡ። “ቀዩን አታይም እንዴ?” ይሉታል። “አንተስ ያንተን አስከትበሃል?” ሲሉት እንዳይጋለጥ ብሎ “እንዴታ!” ይላል። እሱ ይዋሻቸዋል፣ እነሱም ይዋሹታል፤ ማን ማንን እንደሚያታልል ለራሳቸውም አይታወቃቸውም። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንዲሉ፣ ቀይ በሞላበት ሰፈር የሚያምነው አንድ ቀይ አጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የልጅቱ ቁስል ግን የሚያድር አልነበረም።

በመጨረሻ ወደ እንስሳት ሐኪሟ ሮጠ።

“ዶክተር፣ አንድ ቡናማ ውሻ ልጄን ነከሳት። ተከትቧል ወይስ አልተከተበም?”

“እኔ የከተብኩትን የምለየው በጨርቁ ነው” አለችው።

“ጨርቁማ አለው።”

“ታዲያ ምን አስጨነቀዎት?”

ድልነሳው መሬት መሬቱን አየ። ከዚያ “የኔም ውሻ አለው” አለ። “ያሰርኩለት ግን እኔ ነኝ።”

ሐኪሟም ጠየቀችው። “እንዲህ ያደረገ ሌላ ሰው አለ?”

“እኔ እንጃ። ምናልባት ሁሉም።”

“እንግዲያው በዚህ ከተማ የትኛው ውሻ እንደተከተበ የሚያውቅ የለም፤ እኔም ጭምር” አለች። “አሁን ይሂዱና ቁስሏን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ደህና አድርገው ይጠቡላት። ከዚያ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷት። የዚህ በሽታ ምልክት አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም።”

ሆስፒታሉ ያለው በትልቁ ከተማ ነው፤ አውቶቡሱም ሄዷል። ድልነሳው ልጁን አቅፎ በእህል ጫኝ መኪና ተሳፈረ። ሆስፒታል ደርሰው መርፌው ሲቀርብ ምንትዋብ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

“አባዬ፣ ውሻው ቀይ አስሮ የለም እንዴ? ታዲያ እኔ ለምን እወጋለሁ?”

ድልነሳው ሰው ፊት አለቀሰ።

ልጅቱ ክትባቷን ጨረሰች፤ ደህናም ሆነች። ቡናማው ውሻ ግን ተመልሶ አልታየም። ታሞ ይሁን ጤነኛ፣ ተከትቦ ይሁን ሳይከተብ፣ አባትየው እስከ ዛሬ አያውቅም። ወደ ራሱ ከተማ እንደተመለሰ ዋርካው ሥር ሕዝብ ፊት የመብረቅን ጨርቅ ፈታና አስከተበው። መብረቅም ከተወጋ በኋላ ሐኪሟን ራሷን ሊነክሳት ምንም አልቀረው። ይህን ያዩ አንዳንዶች ውሾቻቸውን አመጡ፤ ሌሎች ግን “ሰውዬው ነካ አድርጎታል” ብለው ጨርቁን እንዳሰሩ ቀሩ።

ወዳጄ፣ የውሸት ምልክት የሚያታልለው ሹሙን ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን ምልክቱን አንዴ ካረከስነው፣ እውነቱን በብርቱ የምንፈልግበት ቀን ሲመጣ ለኛም አይነግረንም። ውሻዎንና ድመትዎን ያስከትቡ፤ ያላስከተቡ እንደሆነም አላስከተብኩም ለማለት አይፈሩ። የጎረቤትዎ ልጅ በእርስዎ ውሻ ብትነከስና አባቷ እየሮጠ መጥቶ በርዎን ቢያንኳኳ ምን ይሉታል?