ለታገሠ የምትሰጥ ክፍል

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሳይርቅ፣ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ወይዘሮ አትጠገብ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ትልቋ ልጃቸው የሻረግ፣ ቤታቸውን ኢንሹራንስ ስታስገባላቸው «ምን አይተሽ ነው የምታሟርቺብኝ?» ብለው ተቀየሟት። በዚያው ክረምት የጎረቤት ባሕር ዛፍ በነፋስ ተገንድሶ ጣሪያው ላይ ወደቀ። እሳቸው ወጥ ቤት ስለነበሩ ተረፉ፤ ሳሎኑ ግን ሰማይ ይታይበት ጀመር።

ኢንሹራንሱ ጉዳቱን የሚገምት ባለሙያ እስኪልክ ድረስ ምንም ነገር እንዳይነካ አዘዘ። የሻረግ ይህንኑ አስረድታ ነገረቻቸው። እናት የሰሙት ግን እንግዳ እንደሚመጣ ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቤት እንግዳ እንዴት ይቀመጣል? የእድር ሴቶችን ጠርተው ስብርባሪውን አስጠረጉ፤ የተሰነጠቀውን ግድግዳ አስለስነው ኖራ አስቀቡ፤ ቀዳዳውን በአዲስ የአቡጀዲ ኮርኒስ ሸፈኑት። ገማቹ መጣ፣ ጠላ ጠጣ፣ ቤቱን አመሰገነ፣ «ጥቂት ቆርቆሮ ተጎድቷል» ብሎ ጻፈና ሄደ።

የሻረግ እንደገና ከዜሮ ጀመረች። የኢንሹራንሱ ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ክረምቱን ሙሉ ተቀመጠች። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው ሲሏት እሺ አለች፤ ፋይሉ ጠፋ ሲሏት አብራ ፈለገች፤ አንድም ቀን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። በመጨረሻ ከኮርኒሱ በላይ ወጥቶ የሚያይ ሌላ ገማች አስላከች። ለቢሮው የተረፈው ትዕግሥቷ ግን ለእናቷ አልደረሰም፤ በኖራው ነገር ተናዳ፣ አዲስ ዓመት እስኪገባ ድረስ አልሳመቻቸውም።

ሁለተኛው ልጅ፣ ይበልጣል፣ አናጢ ነው። እጁ ሥራ ካጣ የሚያመው ዓይነት ሰው ነው፤ ለእሱ ያ ጣሪያ የአጭር ጊዜ ሥራ ነበር። ነገር ግን ሁለተኛው ገማች ከመምጣቱ በፊት አንድ ምስማር ቢመታ የእህቱ ልፋት ገደል ይገባል። እናቱ «አናጢ ወልጄ ዝናብ ይግባብኝ?» እያሉ አለቀሱበት፤ ሰፈሩም ሰነፍ አለው። አልነካውም። የቻለው ግን በመራቅ ነው፤ በእናቱ ደጅ ማለፉን ተወ።

የመጨረሻ ልጃቸው የከባድ መኪና ሾፌር በመሆኑ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ሚስቱ ፈንታነሽ አማቷን እሷ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ውስጥ አስገባቻቸው። ወጡ ጨው አነሰው፣ አልጋው ጎረበጠኝ፣ በሩ ይጮኻል፤ የማይነቅፉት ነገር አልነበረም። አንድም ቃል አልመለሰችላቸውም። ሲያስጨንቋት ግን «ነገ ይጠገናል» ትላቸዋለች፣ እንደማይጠገን እያወቀች። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት ጓዛቸውን ጠቅልለው በር ላይ ይጠብቃሉ። ምስኪን፣ ያሳዝኑ ነበር።

በመጨረሻ ኢንሹራንሱ ከፈለ፣ ይበልጣል ሠራ፣ እናት ቤታቸው ገቡ። ቤቱ ከሳሎኑ ጋር አብራ ተጎድታ የነበረች፣ የራሷ መግቢያ ያላት የጎን ክፍል ነበረችው። የሻረግን አከራይዋ ልቀቂልኝ ብሏታል፤ ይበልጣል ሚስት ሊያገባ ነው፤ ፈንታነሽ ደግሞ አርግዛ ያቺ ክፍል ልትጠባት ነው። እናት ሦስቱንም አስቀምጠው «ልጄ ነው ብዬ አይደለም የምሰጣት። ለታገሠ ናት» አሉ።

የሻረግ፣ «እኔ ባልታገሥ ይሄ ጣሪያ የለም» አለች።

ይበልጣል፣ «እኔ ብነካው ኖሮ ያንቺም ትዕግሥት ከንቱ ነበር» አለ።

ፈንታነሽ ደግሞ፣ «እነሱ የታገሡት ለቤቱ ነው። እኔ የታገሥኩት እርስዎን ነው» አለች።

ወይዘሮ አትጠገብ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሦስቱንም ይወዷቸዋል፤ ችግሩም እሱ ነው። ቁልፉ እስከዛሬ መቀነታቸው ውስጥ አለ፣ የፈንታነሽም ወር እየገባ ነው።

እንግዲህ እናንተ ፍረዱ፤ ከሦስቱ በእውነት የታገሠው ማን ነው? ቁልፉስ ለማን ይገባል?