የተቆለፈበት ከበሮ

አንድ የእግር ኳስ ቡድኑ ከማሸነፍ ይልቅ በመሸነፍ የሚታወቅ ኮሌጅ ነበር። ደጋፊዎቹ ግን ወደር አልነበራቸውም። ከበሮ እየመታች የምታስጨፍራቸው ፈትለ የምትባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ግጥም ከአፏ አይጠፋም።

በዚያ ኮሌጅ አንድ የቆየ ደንብ አለ። ሜዳ ላይ ለሚያጠፋ ሰው ሁሉ፣ የራስም ይሁን የእንግዳ፣ በእረፍት ሰዓት ግጥም ይወጣለታል። የተዘፈነበት ሰው መጥቶ ከበሮውን አንዴ መታ ካደረገ «ሰምቻለሁ፣ ይለፍ» ማለቱ ነው። ከልቡ ከተከፋ ደግሞ ከበሮውን ገልብጦ መሬት ላይ ይደፋዋል። ከዚያ በኋላ ያ ግጥም አይዘፈንም፤ ለምን ተከፋህ ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

አንድ ቅዳሜ በረኛው ደንበሩ የማትረባ ኳስ በእግሮቹ መሃል አሳለፈ። ፈትለም በእረፍት ሰዓት አወጣችለት፦

«ደንበሩ በረኛው ደግ ነው እንዳባት፣
እንግዳ ኳስ ብትመጣ በር ከፍቶ አስገባት።»

ደንበሩ እየሳቀ መጥቶ ከበሮውን መታ። ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን በዚያው ቀን ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት የኮሌጁ ዲን የመክፈቻ ንግግራቸውን ሲያስረዝሙ ተጫዋቹ ሁሉ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበርና ፈትለ እሳቸውንም አልማረቻቸውም፦

«የዲናችን ንግግር ማለቂያው ሲጠፋ፣
ዳኛው ሸበተልህ ፊሽካ ሳይነፋ።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ዲኑም ለይምሰል ፈገግ አሉ።

ሰኞ ጠዋት ፈትለን ቢሮ አስጠሯት።

«በረኛችንን በሕዝብ ፊት አዋርደሽዋል» አሏት። «በሚቀጥለው ጨዋታ በማይክ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። አለዚያ እዚህ ግቢ አትማሪም።»

«ዶክተር፣ ደንበሩን ጠይቀውታል?»

«መጠየቅ አያስፈልግም። እኔ ስለ እሱ ተከፍቻለሁ።»

ፈትለ ደሟ ፈላ። ስለ ራሳቸው ግጥም አንዲት ቃል ትንፍሽ አላሉም። ግን ለምረቃዋ የቀራት ጥቂት ወር ነበር፤ ቤተሰቧ ከወዲሁ በግ ገዝቶ እያደለበ ነው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች።

የጨዋታው ቀን በእረፍት ሰዓት ከበሮዋን ይዛ መሃል ሜዳ ገባች። ሕዝቡ ይቅርታዋን ይጠብቅ ነበር።

«ይቅርታ የሚጠየቀው የተከፋ ሰው ነው» አለች። «የተከፋ ካለ ከበሮው ይኸው። ይምጣና ይድፋው፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ደንበሩ ጓንቱን ሳያወልቅ መጣ። ዲኑ ወደተቀመጡበት የክብር ቦታ ቀና ብሎ ተናገረ።

«ኳሷን ያስገባኋት እኔ፣ የተዘፈነብኝም እኔ፣ የሳቅኩትም እኔ ነኝ። ዶክተር፣ ታዲያ በእኔ ስም የሚቆጡት ለምንድን ነው?»

ይህን ብሎ ከበሮውን ደለቀው። ፈትለም ወደ ዲኑ ዞረች።

«ለእርስዎም ግጥም ወጥቶልዎታል ዶክተር። ከተከፉ ይውረዱና ይድፉት። ደንቡ ለእርስዎም ይሠራል።»

ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሰው ናቸውና መከፋታቸው ነውር አልነበረም። መውረድ ግን «የተከፋሁት እኔ ነኝ» ማለት ነበር፤ እሱን አልደፈሩም። ጥበቃዎቹን ጠቀሱ። ከበሮው ተነጥቆ ዕቃ ቤት ገባና ተቆለፈበት፤ ፈትለም ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታገደች። በጉ ሳይታረድ ቀረ።

ከበሮ ያጣ ደጋፊ በእጁ ማጨብጨብ፣ በእግሩ መሬት መደብደብ ጀመረ። የዲኑ ግጥም በየጨዋታው ተዘፈነ፤ በምግብ ሰልፍ ላይ ተዘፈነ፤ ለጨዋታ የመጡ እንግዶች ሳይቀሩ ይዘውት ወደ ግቢያቸው ሄዱ። ዲኑ ንግግር ለማድረግ በተነሱ ቁጥር ከኋላ የሚያንጎራጉር አይጠፋም።

በመጨረሻ ነገሩ ሲመርራቸው ፈትለን አስጠሯት።

«ይህን ግጥም አስቁሚልኝና ነገውኑ ትምህርትሽን ጀምሪ።»

«አልችልም ዶክተር» አለች። «ግጥም የሚቆመው የተዘፈነበት ሰው ከበሮውን ሲደፋ ነው። ከበሮው ላይ ደግሞ የቆለፉት እርስዎ ነዎት። ያውጡትና ሜዳ ድረስ ይዘውት ይምጡ። ሲደፉት ከሁሉ ቀድሜ ዝም የምለው እኔ ነኝ።»

ዲኑ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ፤ አዩት፤ መልሰው ከተቱት። ፈትለ ደረጃውን ስትወርድ ግጥሙን እያንጎራጎረች ነበር።

መከፋት የማንም ሰው መብት ነው። የተከፋ ሰው ራሱ ቆሞ «ይህ ነገር አሞኛል» ቢል ጨዋ ሰው ይሰማዋል። የራሱን ቁስል በሌላ ሰው ስም ሸፍኖ የሰው አፍ ሊዘጋ የሚነሳ ግን ይቅርታ የሚመጣበትን በር በራሱ ላይ ይቆልፋል።

እስቲ እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፤ ባለፈው ስለ ሌላ ሰው ክብር ብላችሁ ስትቆጡ፣ ሰውየውን ጠይቃችሁት ነበር? ወይስ ቁልፉ እስካሁን ኪሳችሁ ውስጥ ነው?