ያለጊዜው የወለቀ ቅርፊት

አንድ በባሕር ዳርቻ የሚኖር ሸርጣን አርቢ ነበር፤ ስሙ ሁመድ ይባላል። ዘህራ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። የዘህራ ባል ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ ማዕበል ስለወሰደው ወደ አባቷ ቤት ተመልሳለች። የሐዘኑ ወራት ቢያልፍም የሐዘን ልብሷን አላወለቀችም። ሁመድ ግን ሐዘኗ ስለረዘመበት ሰው ምን ይለኛል ብሎ ለአንድ ነጋዴ ሊድራት ቃል ገባ፤ የሠርጉንም ቀን ሳያማክራት ቆረጠ።

ነጋዴው ለግብዣው የፈለገው ቅርፊታቸውን ገና የጣሉ፣ ገላቸው ለስላሳ የሆነ ሸርጣኖችን ነበር። ሸርጣን ሲያድግ አሮጌው ቅርፊት ስለሚጠብበው አውልቆ በአዲስ ይተካዋል። የሁመድ ሸርጣኖች ግን ሠርጉ እየቀረበ ቅርፊታቸውን አልጥል አሉ። ቢጨንቀው የባሕር እንስሳትን ወደሚያጠና አንድ ተመራማሪ ሄደ። ተመራማሪው እንዳስረዳው፣ ሸርጣን ከወላጆቹ በወረሰው ዘረመል ትእዛዝ ዓይኑን በተሸከመው ዘንግ ውስጥ ቅርፊቱን እንዳይጥል የሚያግድ ሆርሞን ያመነጫል። ሰውነቱ ሲዘጋጅ ያ ሆርሞን ይቀንስና አውልቅ የሚለው ሌላው ሆርሞን ይበረታል። ዓይኑ ከነዘንጉ ከተቆረጠ አጋጁ ሆርሞን ስለሚጠፋ ቶሎ ያወልቃል።

«አንተ ግን እንዳትሞክረው» አለው። «ሸርጣኑ ቅርፊቱን የሚያቆየው ለራሱ ደኅንነት ነው።»

ሁመድ አልሰማም፤ የሸርጣኖቹን ዓይን ከነዘንጉ ቆረጠ። እንደተባለውም ቅርፊታቸው ቶሎ መላቀቅ ጀመረ። ነገር ግን ሰውነታቸው ስላልተዘጋጀ፣ አብዛኞቹ ግማሽ አካላቸው በአሮጌው ቅርፊት ውስጥ እንደተቀረቀረ ሞቱ።

ጠዋት ዘህራ ሸርጣኖቹ ወደሚረቡበት ኩሬ ስትወርድ አባቷ የሞቱትን ሲለቅም አገኘችው። ምን እንዳገኛቸው ጠየቀችው፤ እሱም ያደረገውን አልደበቃትም።

«ትንሽ ብትታገሣቸው ምን ነበረበት?» አለችው።

«ቀኑ ደረሰብኝ።»

«ቀኑን የቆረጥከው አንተ ነህ፣ አባ። እነሱም እኔም ገና አልደረስንም።»

ሁመድ ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም። ፊቱ ጋለ። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድም ቀን እንዴት ነሽ ብሎ ጠይቋት እንደማያውቅ ትዝ አለው።

በዚያው ዕለት ሽማግሌዎች በተሰበሰቡበት ቃሉን አጠፈ። ነጋዴው ዋሾ ብሎ ሰደበው። ሽማግሌዎቹ ልጅቷ እምቢ ብላ እንደሆነ ሲጠይቁት ግን፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ሐዘኗን እንደ ነውር ቆጥሬ ልደብቀው ነበር።» አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤቱ ተመለሰና ይቅርታ ጠየቃት። ዘህራም ሄዳ አጠገቡ ተቀመጠች።

ወዳጆቼ፣ የሰው ሐዘን እኛ ስለሰለቸን አያበቃም። ብዙ ጊዜ ሌላውን «በርታ፣ እርሳው» እያልን የምናጣድፈው የራሳችንን ኀፍረት ለመሸፈን ነው። በእናንተስ ቤት «ይብቃሽ» የተባለች፣ «እንዴት ነሽ?» ግን ያልተባለች ማን አለች?