ተንሳፋፊው ወለል

አቶ ዘርጋው አዲሱን ፎቃቸውን ቤት ቤቱን እየለዩ ሲሸጡ፣ ከአፋቸው የማይለይ አንድ ነገር ነበር። «ከሥር ወፍራም ጎማ አንጥፌ፣ በጎማው ላይ ሌላ ወለል አንሳፍፌያለሁ። ላይ ሠርግ ቢደገስ ታች የተኛ ሕፃን አይነቃም!» ይላሉ። መቼም ወለል ፈንቅሎ ጎማ የሚፈልግ ገዢ የለም።

ከእሳቸው መኖሪያ ሥር አንዲት ልብስ ሰፊ ተከራይታ ትኖር ነበር። አንድ ቀን አቶ ዘርጋው ገዢዎች አስከትለው ቤቷ ገቡና ዓይናቸውን አፍጥጠውባት፣ «እስቲ ንገሪያቸው፤ ከእኛ ቤት የምትሰሚው ድምፅ አለ?» አሏት።

ሴትዮዋ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ በአክብሮት ብድግ አለች።

«ኧረ ምንም፣ ጋሼ! ዛሬ ጠዋት እንኳ ቁርስ ላይ ሆነው ለእትዬ፣ ‹ያቺ ልብስ ሰፊ ምንም አልሰማም ካላለች ዕቃዋን ደጅ አወጣዋለሁ› ሲሏቸው፣ እትዬም ‹ኧረ ለመሆኑ ጎማውን መቼ አነጠፍከው?› ብለው ሲስቁብዎት፣ እመቤቴ ምስክሬ ናት፣ አንዲት ቃል አልሰማሁም።»