የእማማ ትርንጎ የወይን ዳስ

በአንድ ወቅት፣ ወይን ከእህል እኩል በሚከበርበት አንድ ሸለቆ ውስጥ፣ እማማ ትርንጎ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ይኖሩ ነበር። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቁ ጌጡ፣ መካከለኛዋ ስንዱ፣ የመጨረሻው ምሕረቱ። ሦስቱም ትዳርና ጎጆ ያላቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው። እናታቸው ዘንድ ሲመጡ ግን አጠገባቸው ለመቀመጥ ዛሬም እንደ ልጅነታቸው ይገፋፋሉ።

የዚያ ሸለቆ ሰው ልጅ ሲወለድለት አንድ ረድፍ ወይን ይተክላል። ረድፉ በልጁ ስም ይጠራል፤ ልጁ ሲያድግ ራሱ ይገርዘዋል፣ ራሱ ይለቅመዋል፣ ከሞተ በኋላ እንኳ «የእገሌ ረድፍ» እየተባለ ይኖራል። ሟቹ አቶ ውቤም ለሦስቱ ልጆቻቸው ሦስት ረድፍ ተክለው ነበር። ከግቢው መካከል ደግሞ በሠርጋቸው ሰሞን የተከሉት፣ ቅርንጫፉ በእንጨት ዳስ ላይ ተንሰራፍቶ ግቢውን የሚያጠላ አሮጌ ወይን አለ። እማማ ትርንጎ ከዚያ ዳስ ሥር አይጠፉም። እዚያ ይፈትላሉ፣ እዚያ ይጸልያሉ፣ እዚያ ከባላቸው ጋር ያወራሉ። አዎ፣ ከሞቱት ባላቸው ጋር። አትሳቁ፤ እናንተም ያን ያህል ዘመን አብራችሁ ብትኖሩ ታወራላችሁ።

እርጅና ሲጫናቸው ልጆቻቸውን ሰበሰቡና እንዲህ አሉ፦ «ብቻዬን ማደር ከብዶኛል። ዘንድሮ ወይኑ ሲለቀም ከእናንተ አንዱ ጓዙን ጠቅልሎ እዚህ ይግባ። ቤቱም ዳሱም የእሱ ይሁን፤ እኔም የእሱ ነኝ። ማን እንደሆነ በለቀማው ቀን እነግራችኋለሁ።»

ቤትማ ሁሉም አላቸው። እንቅልፍ የነሳቻቸው «እኔም የእሱ ነኝ» የምትለዋ ቃል ናት።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ያለዚያ ታሪኩ አይገባችሁም። አቶ ውቤ በወይናቸው ላይ የሚወጣ ጉንዳን እንዲገደል አይፈቅዱም ነበር። በወጣትነታቸው ጉንዳን አንድ ወፍራም ትል ከዘለላ ላይ ጎትቶ ሲያወርድ አይተው፣ «ይሄ ሳልቀጥረው የሚጠብቅልኝ ዘበኛዬ ነው» ብለው ነበር። ሊሞቱ ሲሉም ይህንኑ ለሚስታቸው አደራ ሰጡ። ስለዚህ በዚያ ግቢ ጉንዳን እንደ ቤተ ዘመድ ነበር የሚታየው፤ ሰው መንገድ ይለቅለታል።

ስንዱ ቅጠል ሳትገለብጥ ቁርስ የማትቀምስ ሴት ናት። ያረጀ ጀሪካን ቆራርጣ፣ ቢጫ ቀለም ቀብታ፣ ዘይት አስነክታ በየረድፉ ሰቅላለች፤ የሚበር ተባይ ቢጫውን ወድዶ ሲያርፍበት እዚያው ይጣበቃል፣ እሷም ምን እንደመጣ ታውቃለች። ባሏ «ከእኔ ይልቅ የትሉን ጠባይ ታውቂያለሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር። አንድ ጠዋት በምሕረቱ ረድፍ ስታልፍ ቅጠሉን ዳሰሰችው፤ ጣቷ ማር እንደነካ ተጣበቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ጤዛ ነው ብሎ ያልፍ ነበር። እሷ ግን የግንዱን ቅርፊት ፈልቀቅ አደረገችው። የቅርፊቱ ሥር ዱቄት የተነሰነሰባቸው በሚመስሉ ነጫጭ ተባዮች ተሞልቷል።

ከወንዙ ማዶ ያለ ጎረቤታቸው ባለፈው ዓመት የወይኑን ፍሬ ያጣው በዚሁ ነገር ነበር። እሱ ያወቀው ዘለላው ጥላሸት ከለበሰ በኋላ ነው። ስንዱ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ወደ ወንድሞቿ ሮጠች።

«ጋሼ፣ ተነስ! ወይኑን የሚመጥ ነገር ገብቷል። ከምሕረቱ ረድፍ ወደ እማዬ ዳስ እየሄደ ነው!»

ጌጡ ነገር ቶሎ የማይገባው፣ ከገባው ግን የማይመለስ ሰው ነው። ከግንዱ ፊት ቁጢጥ ብሎ ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። ስንዱ ትዕግሥቷ አለቀና «ምነው ጋሼ፣ ልትጸልይለት ነው?» አለችው። እሱ ግን የሚያየው ጉንዳኖቹን ነበር። ጉንዳኖቹ ተባዮቹ የሚያወጡትን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳሉ። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ ተባዮቹን ልትበላ ስትመጣ ነክሰው ያባርሯታል። የተባዮቹን ግልገሎች ደግሞ ተሸክመው ወደ አዲስ ቅርንጫፍ ያደርሷቸዋል።

«አባዬ ተሳስቷል» አለ ጌጡ።

በዚያ ግቢ እንዲህ ያለ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። ጌጡ ጨርቅ ቀደደ፣ በየግንዱና በዳሱ ቋሚዎች ሁሉ ላይ ጠመጠመ፣ ጉንዳን እንዳያልፍ የሚያጣብቅ ግራሶ ለቀለቀው። የጉንዳኑን ጉድጓድም በፈላ ውሃ ሞላው።

እማማ ትርንጎ ከዳሱ ሥር ሆነው አዩት። «የአባትህን አደራ?» አሉ።

«አዎ እማዬ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ነሱት። ግራሶውን ሊያድስ በየቀኑ ሲመጣ ጀርባቸውን ሰጥተው ይፈትላሉ። እሱም «እንደምን ዋልሽ» ይላቸዋል፤ መልስ ሳያገኝ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። ትልቅ ሰው ነው፣ ግን እናቱ ናቸው።

ምሕረቱ ጋ ስንመጣ፣ የእሱ ረድፍ ከሁሉም የባሰ ነበር። ለዳሱ የቀረበውም እሱ ነው፤ የጫፉ ሐረግ ከዳሱ ቅርንጫፍ ጋር ተጠላልፏል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ግልገሎቹ ወደ እናቱ ወይን ይበናሉ፤ ለዚህ ግራሶ ምንም አያደርግም። በዚያ ላይ ረድፉ እንደዚያ ዓመት አፍርቶ አያውቅም ነበር። ምሕረቱ መጥረቢያ ይዞ መጣ።

«ትንሽ ታገሥ» አለው ጌጡ። «ጉንዳኑ ከቀረ ጥንዚዛዎቹ ይመጣሉ።»

«እስኪመጡ የእማዬ ዳስ ቢያልቅስ?»

ቆረጠው። ሥሩንም ነቀለ፣ ከነዘለላው ከመረና እሳት ለቀቀበት። አባቱ እሱ በተወለደ ጊዜ በእጃቸው የተከሉት ነው። እሳቱ እስኪበርድ ድረስ ሰው ያየኛል ሳይል አለቀሰ። በዚያ ሸለቆ ረድፍ የሌለው ሰው እሱ ብቻ ሆነ።

ጥንዚዛዎቹ መጡ። ከጌጡ ረድፍም፣ ከስንዱም፣ ከዳሱም ላይ ነጩን ነገር እየለቀሙ በሉት። ዳሱ ዳነ፣ ዘለላውም አማረ። የምሕረቱ ረድፍ ባይቃጠል ኖሮ እሱም ይድን ነበር ወይስ ዳሱን ይዞት ይሄድ ነበር? እሱን የሚያውቅ ሰው የለም።

የለቀማው ቀን ሦስቱም ከዳሱ ሥር ተቀመጡ፤ እንደ ልማዳቸው ተገፋፍተው።

ስንዱ «እኔ ባላይ የሚቀባም የሚቆርጥም አልነበረም» አለች።

ጌጡ «ማየቱንስ አየሽ። ጠላቱን ስንንከባከብ እንደኖርን የነገራችሁ ግን ማን ነው? ለዚህ ስል ከእማዬ አፍ ‹ደህና ዋል› ናፍቆኛል» አለ።

ምሕረቱ «እኔ ምንም አልልም። ረድፌ የነበረበትን ቦታ እዩት» አለ።

«ምንም አልልም ብሎ ሁሉን ጨረሰው!» አለች ስንዱ፤ እናታቸው እንኳ ሳይቀሩ ሳቁ።

ከዚያ እማማ ትርንጎ የጌጡን እጅ ሳብ አድርገው ያዙ። ጥፍሩ ሥር ግራሶው አሁንም አለ። «ደህና ዋልክ ልጄ» አሉት። «ውቤንም ነግሬዋለሁ፤ አልተቆጣም።» ጌጡ አንገቱን ደፋ።

ቀጥለው ሦስቱንም እያፈራረቁ አዩ። «ወይኑን ማን አዳነው ብላችሁ አትጨቃጨቁብኝ፤ ሦስታችሁም ናችሁ። እኔን የጨነቀኝ ከማን ጋር ልረጅ የሚለው ነው። ሳልናገር ሕመሜን ከምታየው ጋር? እንደምቀየመው እያወቀ እውነቱን ከሚነግረኝ ጋር? ወይስ ለእኔ ሲል የራሱን ከሚያነድደው ጋር?» አሉና ለመነሳት እጃቸውን ዘረጉ።

ይህን ባወራሁበት ቤት ሁሉ ጠብ ቀረሽ ክርክር ተነስቷል። እናቶች ለስንዱ ያደላሉ፣ የበኩር ልጆች ለጌጡ ይሟገታሉ፣ የመጨረሻ ልጆችን ደግሞ ባትጠይቋቸው ይሻላል። እኔ ሦስቱንም ስለምወዳቸው መፍረድ አቅቶኛል። እናንተ ግን ፍረዱ፦ አሮጊቷ እናት እየጠበቁ ነው፤ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤት መግባት የሚገባው ማን ነው?