የዋንዛዋ ዓሣና ጉቶው

ጣና ዳር፣ ጎርጎራ አካባቢ፣ ሙጬ የሚባል አንድ ዓሣ አስጋሪ ነበር። ሠላሳ ዓመት መረብ ጎትቷል። ሠላሳ ዓመት! ከመካከላችሁ አንድ ሥራ ላይ ሠላሳ ዓመት የቆየ አለ? እጃችሁን አታውጡ፤ አውቃችኋለሁ።

አንድ ቀን መረብ ሲስብ ወገቡ ቀጭ አለ። ከዚያ ወዲያ እንኳን መረብ፣ የውሃ ጀሪካን ማንሳት አቃተው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል አይደል የሚባለው? የአስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበሩ አለበል፣ ያውም ሙጬ ራሱ ቀዘፋ ያስተማረው አለበል፣ ቤቱ ድረስ መጣ።

«አያ ሙጬ፣ አይክፋህ» አለው። «ማኅበሩ የሚፈልገው የሚያሰግር ሰው ነው። እስከ ቅዳሜ ስብሰባ ዓሣ ካላስገባህ ስምህ ይሰረዛል። አንተ እንግዲህ ዕረፍ፤ እኛ አንረሳህም።»

አንረሳህም! ወገኖቼ፣ ሰው መረሳቱን የሚያውቀው ይህችን ቃል የሰማ ዕለት ነው።

ሙጬ አላለቀሰም። ከዋንዛ እንጨት ትንሽ ዓሣ ጠረበ። ከሆዷ ሥር መንጠቆ አንጠለጠለ፤ አፏ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የቆረጣት አጭር ምላስ ሰካ፤ ረጅም ክርም አሰረላት። ክሩን ሲስበው ያቺ ምላስ ውሃውን ትገፋለች፤ ዓሣዋም ነፍስ እንዳላት ትወዛወዛለች። ምላሷ አጭር ናትና ወደ ጥልቁ አትወርድም፤ ከላይ ከላይ ትዋኛለች። ክሩን ሲለቀው ደግሞ ትንሳፈፋለች።

ወሩ ታኅሣሥ ነው፤ ውሃው ቀዝቅዟል። ትልልቁ ነጭ ዓሣ ፀሐይ ወደምታሞቀው፣ ጥልቀት ወደሌለው ዳርቻ ተጠግቷል። ያ ዳርቻ ግን ውሃ የዋጣቸው ዛፎች ጉቶ ሞልቶበታል። መረብ ይበጥሳል፤ ስለዚህ ማንም አይደርስበትም። ሙጬ በታንኳው ወደዚያ ሲቀዝፍ ያዩት ሁሉ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል!» እያሉ ሳቁበት።

ሐሙስ ዕለት ጉቶውን እየሸሸ ወረወረ። ምንም። ዓርብም ጉቶውን እየሸሸ ወረወረ። ምንም። ለምን ይሸሻል? መንጠቆው ተይዞ እንዳይቀርበት ነዋ! ያለችው አንዲት የእንጨት ዓሣ ናት።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነፋስ ወሰዳትና ጉቶዎቹ መሀል ወደቀች። ሙጬ ደንግጦ ቀስ አድርጎ ሳበ። ቋ! ምላሷ ከጉቶ ጋር ተጋጨች። እጁ ሊጎትት ተነሣ፤ ቢጎትት ግን መንጠቆው እንጨቱ ውስጥ ይቀበራል። እጁን ገትቶ ክሩን አላላው። ዓሣዋ ወደ ኋላ አለች፤ ቀስ ብላም መንሳፈፍ ጀመረች።

ይኼኔ ውሃው ቦጭ አለ! ጉቶው ሥር አድፍጦ የነበረው ነጭ ዓሣ ላፍ አደረጋት። ብርድ ያደነዘዘው ዓሣ የምትሮጠውን አያሳድድም። ስትዋኝ ዝም ያላትን፣ ተመትታ ቆም ስትል ተነሣባት።

ሙጬ ወገቡ እየነደደ፣ ታንኳው ላይ ተንበርክኮ ታገለና አወጣው። ከዚያማ ጉቶውን እየፈለገ ይወረውር ጀመር! ሦስት ዓሣ በገመድ ሰክቶ፣ ስብሰባው መሀል ዘው አለ።

አለበል ዓሦቹን አየ፤ የሙጬን ፊት ማየት ግን ከበደው። «ከየት አመጣሃቸው፣ አያ?»

«ከምትፈሩት ቦታ» አለ ሙጬ። ወገቡን ይዞ ቀና አለ፤ ከተጎዳ ጀምሮ እንደዚያ ቀና ብሎ አያውቅም። «በሉ ጻፉ። ሙጬ፣ ዓሣ አስጋሪ!»

ይህን ሰው ባሰብኩ ቁጥር ደረቴ ይነፋል! በጉልበት አልሆን ቢለው በብልሃት ቆመ።

እናንተስ? ከሥራ የተቀነስክ ወንድሜ፣ ያቺን የቢሮ በር ሳታንኳኳ ስንት ወር ሆነህ? ከእኅትሽ የተጣላሽው፣ ደጇን ላለማየት ስንት መንገድ ትዞሪያለሽ? የተጋጫችሁበትን ቦታ ስትሸሹ ዓመት ሞላ። ሸሽታችሁ የሄዳችሁበት ውሃ ግን ባዶ ነው።

ሂዱ፤ ቅረቡት። ትጋጩ ይሆናል። ስትጋጩ በቁጣ አትጎትቱ፤ ክሩን አላሉት፤ ለእግዚአብሔር ፋታ ስጡት። «በቃ፣ አለቀልህ» ያላችሁ ሰው አለ አይደል? እሱ ስም የሚሰርዝበት እስክሪብቶ ይኖረው ይሆናል፤ ሐይቅ ግን የለውም። ሐይቁ የእግዚአብሔር ነው።