ቀብድ አይመለስም

አንዲት ሴት ነበረች። ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ አፋፍ ላይ፣ ለእረፍት ለሚመጡ ሰዎች በቀን የምታከራየው ቤት ነበራት። ቤት ስላችሁ እንዲሁ ቤት አይምሰላችሁ። ነገሥታት ቢያዩት «ቤተ መንግሥታችንን አፍርሱልን» ይሉ ነበር። አልጋው ከመስፋቱ የተነሣ ባልና ሚስት ተኳርፈው ቢተኙ፣ ለመታረቅ ባጃጅ ያስፈልጋቸዋል። ትስቃላችሁ፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።

የግቢው በር ላይ በቀይ ቀለም፣ ሞጆ ላይ ተሁኖ በሚነበብ ፊደል፣ «ቀብድ አይመለስም» ተብሎ ተጽፏል።

አንድ የሞጆ ጎሚስታ ይህን ቤት ለፋሲካ ያዘ። እናቱ ሞጆ ተወልዳ ሞጆ ያረጀች፣ ሐይቅ በሥዕል እንጂ በዓይኗ ያላየች ሴት ናት። «ዘንድሮ ሐይቅ ዳር ነው የምትፈስኪው» ብሎ ቃል ገባላት። ጎማ ሲለጥፍ ያጠራቀመውን ቀብድ አድርጎ ሰጠ።

በዓሉ ሲቃረብ እናቱ ታማ ሆስፒታል ገባች። ልጁ ደወለ።

«እትዬ አስካለ፣ መምጣታችን ቀርቷል። ቀብዱን ይመልሱልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ልጄ፣ በሩን አላነበብክም?»

«አንብቤያለሁ።»

«እንግዲያው ቀብድ አይመለስም። እናትህን እግዜር ይማርልህ።» ዘጋችው።

ጨካኝ ናት አላችሁ አይደል? እኔም ብያለሁ። ግን ቆዩኝ።

ቅዳሜ ዕለት አንድ ባለሀብት ቤተሰቡን ጭኖ መጣ። የፊተኛው መኪና በሯ ላይ ሲቆም የኋለኛው ገና ዱከምን አላለፈም ነበር። «እጥፍ እከፍላለሁ» አላት።

«ቤቱ ተይዟል።»

«ማን ያዘው? ባዶ ነው እኮ።»

«ሰውየው አልመጣም እንጂ ተይዟል።»

ወንድሟ ይህን ሲሰማ ሊያብድ ደረሰ። «አስኩ፣ ልጁ ራሱ ቀረሁ ብሎሻል። ገንዘቡም እጅሽ ላይ ነው። ከሁለት ወገን ብትበዪ ማን ይከስሻል?»

«ቀብዱን መልሼለት ቢሆን ቤቱ የእኔ ነበር» አለች። «አልመለስኩም። ስለዚህ ቤቱ የሱ ነው።»

ባለሀብቱን ሸኘች። አንሶላውን ቀየረች። ወለሉ ላይ ቄጠማ ጎዘጎዘች። ለማን? ለማይመጣ ሰው።

የፋሲካ ዕለት ከሰዓት በኋላ አንድ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። ጎሚስታው እናቱን ደግፎ ወረደ። ሐኪሞቹ በጠዋት ለቀዋታል።

«እትዬ፣ አንገባም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ከበሩ ላይ ሆና ሐይቁን ትይና እንሄዳለን። ሰርዘን የለ።»

እትዬ አስካለ ቁልፉን ከመቀነቷ አወጣች። «አንተ ሰርዘህ ይሆናል። እኔ አልሰረዝኩም። ግቡ።»

እናቲቱ ያንን ደፍ ስትሻገር ባያችኋት። እቴጌ እንኳ እንደዚያ ቀና ብላ አልተራመደችም። በረንዳው ላይ ተቀመጠች፤ ሐይቁን አየች። ከዚያ፣ «የማን ነው?» አለችው ልጇን።

«ዛሬ የእኛ ነው» አላት።

ወገኖቼ፣ ስንቶቻችሁ ናችሁ ደውላችሁ የሰረዛችሁ? «ጌታ ሆይ፣ ዘንድሮ አይመቸኝም፤ ቤትህ ለእኔ ቢጤ አይሆንም» ያላችሁ? አንዱን ኃጢአት ያዘው፣ አንዷን ሐዘን ያዛት፣ እዚያ ከኋላ የተቀመጣችሁትን ደግሞ ኳስ ያዛችሁ። ሰርዛችኋል። እሱስ ሰረዘ?

ደግሞም ጎሚስታው ቀብዱን የከፈለው ከኪሱ ነው። የእናንተን ማን ከፈለ? አንዲት ሳንቲም አዋጥታችኋል? አላዋጣችሁም። በደም ተከፍሏል። ታዲያ ምን ብላችሁ ነው አንገታችሁን ደፍታችሁ በር ላይ የምትቆሙት? እኔን በኩራት ታሙኛላችሁ። እሙኝ። የተከፈለልኝን ሳስብ ይህ ጣሪያ ለአንገቴ ያጥረኛል።

ጠላት መኪናውን አሰልፎ ይምጣ፤ እጥፍ እከፍላለሁ ይበል። ቤቱ ተይዟል። አንሶላው ተቀይሯል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል።

ቀና ብላችሁ ግቡ።